ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ

ሰሞኑን በከተማችን የውሃና ፍሳሽ ታሪፍ ማሻሻያ ለነዋሪው ቀርቦ ነበር። ውይይት ተባለ እንጂ ያለቀለትን ሰነድ ነው ያነበቡልን። ከጭማሪው በላይ ያንገበገበኝ ግን አንድ ኃላፊ መድረክ ላይ የሰጡት ምክንያት ነው፦ ሰው ለሃይላንድ ውሃ ሳያቅማማ እየከፈለ ለቧንቧ ውሃ ጥቂት ብር ሲጨመርበት ለምን ያጉረመርማል አሉ።

ሃይላንድ የሚገዛው ማን ነው? መንገደኛ፣ ታማሚ፣ ሰርግ ደጋሽ። በሃይላንድ ልብስ የሚያጥብ፣ በሃይላንድ ሊጥ የሚያቦካ ቤት በወሎ ምድር የለም። ፈረቃው ተዘሎ ቧንቧው ሲደርቅ ለልጁ አንድ ጠርሙስ የገዛ ካለም፣ የገዛው ተቸግሮ ነው። ችግሩን የመክፈል አቅም አድርጎ መቁጠር ግፍ ነው።

ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ፓምፑም ኬሚካሉም ተወዷል፣ የመብራት ታሪፉም እየጨመረ ነው። ይህን አልክድም። የእኔ ጥያቄ ሸክሙን ማን ይሸከም የሚለው ነው።

አዲሱም ታሪፍ እንደ ቀድሞው በእርከን ነው፤ ብዙ የተጠቀመ በውድ ይከፍላል። ድሃውን ይጠብቃል ይሉናል። ድሃው ግን የት ነው የሚኖረው? ከደሴ እስከ ወልድያ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ቆቦ፣ ድሃው በኪራይ ግቢ ውስጥ ነው፤ ግቢው ደግሞ አንድ ቆጣሪ ነው ያለው። ስድስት ቤተሰብ፣ በየቤቱ አምስት ሰው ይኑር እንበል። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንስጠው፤ ለመጠጡም፣ ለቡናውም፣ ለውዱእም፣ ለልብስም ያብቃቃው። አንዱ ቤተሰብ በወር የሚጠቀመው 3 ሜትር ኪዩብ ብቻ ነው። የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው በዝቅተኛው እርከን ይከፍል ነበር። የስድስቱ ሲደመር ግን ቆጣሪው 18 ያነባል፤ ቪላውን ብቻውን ይዞ በጎማ መኪናውን ከሚያጥበው ሰው እኩል ላይኛው እርከን ላይ ይሰቀላሉ። 20 ሊትር እኮ በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ እንኳ ከተቀመጠው 25 ሊትር ያነሰ ነው! ከመንግሥት ልክ በታች የሚጠጣ ሰው እንደ አባካኝ ይቀጣል። ቆጣሪ ያለው ግቢ እንኳ ያላገኘውማ ከጎረቤት በጀሪካን እየገዛ ከሁላችን በላይ ይከፍላል።

ይህን ስሌት ያወጡት ባለሙያዎች አላዩትም ብዬ አላምንም። አይተው ነው የተዉት፤ ውሉ ላይ ያለው ስም የአከራይ ነው፣ ተከራይ መዝገባቸው ውስጥ የለም።

ፍሳሹም ያው ነው። አንድ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ ባልተዘረጋበት ሰፈር የፍሳሽ ክፍያ ከውሃ ቢሉ ጋር ሊጣበቅ ነው። ጉድጓዱ ሲሞላ ግን ተከራዩ አዋጥቶ መምጠጫ መኪና ያስመጣል። ለአንድ አገልግሎት ሁለቴ፣ ያውም አንዱን ላላገኘው!

ቆጣሪ አንባቢው በየወሩ ግቢያችን ይገባል። በዚያው ስንት ቤተሰብ እንዳለ ይመዝግብ፣ ከቀበሌው መዝገብ ጋር ይመሳከር፤ የዝቅተኛው እርከን ጣሪያም በቤተሰቦቹ ቁጥር ልክ ከፍ ይበል። የፍሳሽ ክፍያውም መስመር ከተዘረጋለት ቤት ብቻ ይጠየቅ። ሁለቱ ሳይስተካከሉ ሰነዱ ከቀረበላቸው የከተማው ምክር ቤት አባላት እጃቸውን ሊያወጡለት አይገባም።