የቀረችብኝ 20 ደቂቃ

የኦስካር ወሬ በተጀመረ ቁጥር አንድ ያልሻረ ቁስሌ ይነካል። ዛሬ ተናግሬው ይውጣልኝ።

ፌብሩዋሪ 2025፣ እዚህ ሜሪላንድ፣ ቅዳሜ ማታ። ከአክስቴ ልጅ ጋር «ዘ ብሩታሊስት»ን ልናይ ሄድን። በ10 ዘርፍ ለኦስካር የታጨ፣ መሐል ላይ ካለው የ15 ደቂቃ ዕረፍት ጋር 3 ሰዓት ከ35 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ነው። ርዝመቱን ስትሰማ «ቅዳሴ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩባት። አሁን አልስቅም።

ወንበራችንን በስልክ መርጠን፣ ከፍለን ነው የሄድነው። ስንደርስ አንድ ጎረምሳ ጫማውን አውልቆ ወንበሬ ላይ ተዘርግቷል። ትኬቴን ባሳየው «የትም ብትቀመጥ ያው አይደል?» አይለኝም መሰላችሁ! ያው ከሆነ አንተ ተነሳ። ተነሳ፤ የፈንዲሻውን ቅቤ ግን ክንድ ማሳረፊያው ላይ ትቶልኝ። የፈንዲሻውን ዋጋማ ባላነሳው ይሻላል፤ ቤቴ ቡና ሲፈላ በነፃ የሚታደል ነገር እዚያ የምሳ ዋጋ ነው። ከዚያ ማስታወቂያ፣ ከዚያ የሌላ ፊልም ማስታወቂያ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ትኬቱ ላይ ከተጻፈው ሰዓት 25 ደቂቃ አልፎ ተጀመረ። በቀጠሮ የምንታማው ደግሞ እኛ ሐበሾች!

ፊልሙ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያው ግማሽ ልብ ይሰርቃል። ከናዚ ጭፍጨፋ የተረፈ የሃንጋሪ አይሁዳዊ አርክቴክት አሜሪካ ሲደርስ የነፃነት ሐውልቷ ተዘቅዝቃ ትታያለች። ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ ቆልፎ ዲሲ ላይ ታክሲ የሚነዳ ሰው ይህቺን ትዕይንት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ሰውዬው የድንጋይ ከሰል ሲዝቅ የአክስቴ ልጅ ዝም አለች። አገር ቤት የሒሳብ መምህርት ነበረች፤ እዚህ ፓርኪንግ ነው የምትሠራው።

በዕረፍቱ ስክሪኑ ላይ የሠርግ ፎቶና ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ተደቀነ። ዳይሬክተሩን እግዜር ይስጠው፤ ፊኛ እንዳለን አስታውሷል። «ኪለርስ ኦቭ ዘ ፍላወር ሙን» የሚባለው ፊልም እኮ 3 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ያለ ዕረፍት ነበር። በራሳቸው ፈቃድ ዕረፍት ያስገቡ ሲኒማ ቤቶች ሳይቀሩ አቁሙ ተብለዋል። ያም ፊልም በ10 ዘርፍ ለኦስካር ታጭቶ አንድም ሳያገኝ ተመለሰ። የፊኛዬ እርግማን ይመስለኛል።

ሁለተኛው ግማሽ ተንዛዛብኝ፤ የጀመርኩትን መተው ስለማልወድ ቻልኩት። ሊያልቅ 20 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ስክሪኑ ጨለመ። ድምፁ ቀጠለ። እኛም «ይሄም ጥበብ ይሆናል» ብለን ዝም አልን። ያን ሁሉ ሰው ጨለማውን በአክብሮት ሲመለከት ብታዩት! የኦስካር ፊልም ነዋ፣ ማን ደፍሮ አልገባኝም ይበል? በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ናቸው «ተበላሽቷል እኮ!» ብለው የገላገሉን።

አንድ ልጅ እግር ሠራተኛ መጥቶ ፕሮጀክተሩ አልነሳ እንዳለ ነገረንና ለየሰው ነፃ መግቢያ አደለን። «ሌላ ቀን መጥታችሁ እዩት።» ለ20 ደቂቃ ስል 3 ሰዓት እንደ አዲስ ልቀመጥ? ቅዳሴ ቢሆን ቢያንስ «እትዉ በሰላም» ይባላል። እኛ እንዲሁ ተበተንን።

ማርች 2 ላይ አርክቴክቱን ሆኖ የተወነው ኤድሪያን ብሮዲ በዚሁ ፊልም ኦስካሩን ወሰደና ከ5 ደቂቃ ተኩል በላይ ተናገረ። ይበቃሃል ለማለት ሙዚቃ ሲጀምሩበት አጥፉት አለ፤ አጠፉለት። በእሱ ላይ ማንም አላጨለመበትም።

የባሰው ኤፕሪል ላይ መጣ። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ አዲስ ደንብ አወጣ፤ ከአሁን በኋላ በመጨረሻው ዙር ድምፅ የሚሰጥ አባል በዚያ ዘርፍ የታጩትን ፊልሞች በሙሉ ማየት አለበት። ከአሁን በኋላ! እስከዚያ ድረስ ሳያዩ መምረጥ ይቻል ነበር ማለት ነው። እኔ ቅቤ የተቀባ ወንበር ላይ ወገቤ እስኪቆረጥ የተቀመጥኩት ሰውዬ ድምፅ የለኝም፤ ያላየው አለው። አሁን ሲኒማ ቤት ያየ አባል የትና መቼ እንዳየ ቅጽ ይሞላል አሉ። እኔ ብሞላ ምን ልጻፍ? «ሁሉንም አይቻለሁ፣ ከመጨረሻው በቀር»?

«ቤትህ ሆነህ እየው» የምትሉኝ አላችሁ። አላይም፤ እልህ ነው። ነፃ መግቢያዋም ጊዜዋ አልፎ የኪስ ቦርሳዬ ውስጥ ተኝታለች። ታሪኩ መጨረሻ ላይ ወደ 1980 ቬኒስ እንደሚሄድ ሰምቼ ለአክስቴ ልጅ ብነግራት «ቬኒስ ምን ሊሠራ?» አለችኝ። እኔ በምን አውቄ። ያያችሁ በውስጥ መስመር ንገሩን።