እንኳን ደስ አላችሁ፣ የጋሪው ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን

ሰሞኑን ስልኩን የከፈተ ሁሉ ያቺን ምክር ሳያገኛት አልቀረም። ኮፍያውን አዙሮ የደፋ መካሪ ጣቱን ወደ ካሜራው ቀስሮ «ለእንግሊዝኛ ኮርስ ብር የምትከፍሉ ሞኞች ናችሁ፤ የኦንላይን መገበያያ ክፈቱና ዕቃ እያያችሁ ቃል ልቀሙ» ይላል። በቀን 20 ዕቃ፣ በወር 600 ቃል። ሰዋስው የለ፣ ደብተር የለ፣ ፈተና የለ። ትምህርት ሚኒስቴር ስንት ዓመት የለፋበትን ነገር በአንድ አውራ ጣት ለጨረሰ ሰው ምስጋና መንፈግ ንፉግነት ነው።

ደግሞስ ምኑ ይነቀፋል? ሥዕሉ ከላይ፣ ስሙ ከሥር። ካርዳችሁ ባሕር ማዶ ባይከፍልም ግድ የለም፤ ለመማር ዓይን ይበቃል። መጥበሻ ታያላችሁ፣ «ኖን ስቲክ» ይላል፤ እንቁላሉ አይዝም ማለት ነው፣ ገባችሁ። እውነቱን ለመናገር ለዕቃ ስም ብቻ ከሆነ ዘዴው ይሠራል። ቃሉ በሁለት አገር ገበያ ሁለት ዕቃ ሲሆን ነው ጣጣው። «ፓንትስ» አሜሪካኖቹ ጋ ሱሪ ነው፤ እንግሊዞቹ ጋ የውስጥ ሱሪ። «ቬስት» አንዱ ጋ ሰደርያ፣ ሌላው ጋ ከሸሚዝ ሥር የሚለበስ ካናቴራ። ለንደን ገብቶ አዲሱን ፓንትሱን ለሥራ ባልደረቦቹ የሚያስመርቅ ወገን ቢያጋጥማችሁ የት እንደተማረ አትጠይቁት።

ስሙን አልፈን ወደ ቅጽሉ ስንገባ ትምህርቱ ይጠልቃል። «ጀንዩን ሌዘር»ን ተማሪያችን ከሥዕሉ ተነሥቶ «ምርጥ ቆዳ» ብሎ ተርጉሞታል። ቃሉ የሚለው ግን «ቆዳ ነው» ብቻ ነው፤ ስንተኛ ደረጃ እንደሆነ ትንፍሽ አይልም። ብዙ ጊዜ ቆዳው ተሰንጥቆ ጠንካራው የላይኛው ክፍል ወደ ሌላ ከሄደ በኋላ የቀረው የታችኛው ንጣፍ ነው፤ ይቀባና ይዳመጥና የላይኛውን ይመስላል። ሳይፋቅ የቀረውን የላይኛውን የሚፈልግ «ፉል ግሬን» የሚለውን ይፈልግ። «ቦንድድ ሌዘር» ደግሞ የቆዳ ብናኝ በሙጫ ተለውሶ ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ነው፤ ሶፋ ሆኖ በገባ በጥቂት ዓመቱ እንደ እባብ ይላጣል። «ፒዩ ሌዘር» ፕላስቲክ ነው። «ቪጋን ሌዘር»ም በአብዛኛው ያው ፕላስቲክ ነው፤ በእኛ ቋንቋ የጾም ቆዳ ብንለው ያስኬዳል። ሁዳዴን በቀበቶው እንኳ ሳይፈስክ የሚወጣ ትውልድ አፍርተናል፣ ተመስገን ነው። የበግ ሌጦው ለጓንት የሚፈለግ አገር ልጅ፣ ሞጆን በፋብሪካዎቹ ሽታ የሚያውቅ ሰው፣ የቆዳን ደረጃ ከባሕር ማዶ ቀበቶ ማስታወቂያ ይማራል።

ሰዋስው የለም የተባለውም እውነት ነው። የገበያ እንግሊዝኛ ግስ ካወቀ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ አድ ቱ ካርት (ጋሪው ውስጥ ጨምር)፣ ባይ ናው (አሁን ግዛ)፣ ሳይን ኢን (ግባ)። ትናንት የለም፣ ጥያቄ የለም። የቀረው ቅጽል በቅጽል ላይ ነው፤ ርእሱ የሚጻፈው ለአንባቢ ሳይሆን ለመፈለጊያው ነዋ! ፈላጊ ሊጽፈው የሚችለውን ቃል ሁሉ ይጠቀጥቁበታል። ስለዚህ ምሩቃችን የውሃ ማፍያ ሲያይ «ሚኒ ፖርታብል ኤሌክትሪክ ስቴንለስ ስቲል ከትል ፎር ኦፊስ ዶርም ትራቭል ጊፍት ፎር ሞም» ብሎ ሳይተነፍስ ይወርድላችኋል፤ «ውሃው ፈልቷል?» ብሎ መጠየቅ ግን አልተማረም።

የትምህርቱ ፍሬ ጎልቶ የሚታየው ሽምግልና ላይ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሦስቱም የጋሪው ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው የልጅቷ አባት ሳሎን ቆመዋል። «ቁጭ በሉ እንጂ» ሲባሉ እንደ ወጉ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ። ታላቁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው። ብራንድ ኒው ነው ብለን አንዋሽዎትም፤ ስላይትሊ ዩዝድ ነው።»

«ስላይትሊ ስንት ነው?»

«እሱ አይለካም። የምንወደውም ለዚሁ ነው።»

ሁለተኛው ጣልቃ ገባ። «ሪፈርቢሽድ ቢባል ይሻላል። አንድ ጊዜ ተመልሶብን ነበር፤ ተፈትሾ፣ የተበላሸው ተቀይሮ፣ ተወልውሎ ነው ዳግም የወጣው።»

«ማን ፈተሸው?»

«ሻጩ።»

«ሻጩ ማን ነው?»

«እኛው ነን።»

(በነገራችን ላይ ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ሪፈርቢሽድ የሚል ስልክ ስታዩ ያደሰው ፋብሪካው ይሁን ሻጩ ራሱ ለዩ፤ በመካከላቸው ሰፊ ገደል አለ።)

አባት ቀጠሉ። «ደመወዙስ?»

«አፕ ቱ 70 ሺህ።» አፕ ቱ ማለት ከዚያ አይበልጥም ማለት ነው፤ ዜሮም እዚያው ውስጥ ተካቷል።

«መጠጥስ?»

«ዋተር ሬዚስታንት ነው፤ ዋተርፕሩፍ ግን አይደለም። ደረጃው አይፒ 67 ነው፤ አንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ 30 ደቂቃ ይቋቋማል። ከዚያ በላይ ካመሸ ዋስትናው አይሸፍነውም። ምርመራውም የተደረገው በንጹህ ውሃ ነው፤ በጠጅ አልተሞከረም።»

«በላካችሁት ፎቶ ላይ ከጀርባው ቪላና መኪና አይቻለሁ።»

«ለማሳያ ነው። አብረው አይመጡም። ባትሪውም እንደዚሁ።»

«ከልጄ ጋርስ ይስማማል?»

«ኮምፓቲብል ነው!» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ። ኮምፓቲብል ማለት ይገጥማል ማለት እንጂ የዚያው ቤት ሥራ ነው ማለት አይደለም። ቻርጀር የገዛ ያውቀዋል፤ የታዋቂው ስልክ ስም በትልቁ ተጽፎ ከፊቱ «ፎር» (ለ) የምትለዋ ቃል የጤፍ ፍሬ ታክላለች።

አባት ፎቶውን ወደ ብርሃን አስጠጉት። «ይኼ ቀይ ነው። ባለፈው በደጄ ሲያልፍ ያየሁት ልጅ ጠይም ነበር።»

«አክቹዋል ከለር ሜይ ቬሪ።» ትክክለኛው ቀለም ከፎቶው ሊለይ ይችላል ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ ትንሽ ይቁሙልን። የቆዳ ቀለም ከተነሣ ሽሙጡ ለጊዜው ይቅር። «ዋይትኒንግ»፣ «ብራይትኒንግ»፣ «ግሎው» በሚሉት ቃላት ሕፃን ሳይቀር አፉን ፈትቷል። ከፊት ማንጫው ክሬም ማሸጊያ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የሚጻፉትን ግን ማንም አያስተምርም፤ ካሎሜል፣ መርኩሪክ፣ መርኩሪዮ፣ መርኩረስ ክሎራይድ። አራቱም ሜርኩሪ ናቸው። ኩላሊት ይጎዳል፣ ነርቭ ይጎዳል፣ ከምትቀባው እናት ወደ ፅንሷ ይሻገራል። «ከብር፣ ከወርቅ፣ ከአሉሚኒየም ጋር አታነካኩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያለበት ክሬምም ሜርኩሪ እንዳለበት ይጠርጠር። ጌጥ የሚያበላሽ ነገር ጉንጭ ላይ ሊቀባ! የቴሌግራሙ ነጋዴ የፊቱን ገጽ በአምስት ማዕዘን አንሥቶ ይለጥፋል፤ የጀርባውን አንዴም አያነሣም። ረስቶ አይደለም፣ አውቆ ነው። «ጀርባውን አንሣልኝ» ያለችውን ደንበኛ ከቻናሉ የሚያስወጣም አለ። የሰው ፊት ላይ የሚቀባ ነገር ይዘቱን ደብቆ መሸጥ ነውር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። መካሪያችንም 600 ቃል ሲያስቆጥር ከእነዚህ አራቱ አንዱን እንኳ አላነሣም፤ ከጀርባው የሚጮኸው ሙዚቃ ላይ አይገጥሙም መሰለኝ።

ሽማግሌዎቹ አሁንም እንደቆሙ ናቸው። አባት ፎቶውን አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ ባይመቻትስ?»

«30 ቀን ሪተርን አለው» አለ ሦስተኛው፣ እስካሁን ዝም ያለው። «በዋናው ካርቶኑ ከሆነ፣ ምልክቱ ካልተነሣ፣ ካልተለበሰ። የመመለሻ ማጓጓዣው በእናንተ ነው። ሪስቶኪንግ ፊ አለው፤ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ተመልሶ የሚወጣበት ማለት ነው፤ ከጥሎሹ እንቆርጣለን።»

«እሺ፣ ጥሎሹ ራሱ ምን ያህል ነው?»

ሦስቱ ተያዩ። ምሽቱን ሙሉ ቃል ያላጣው ታላቁ ሽማግሌ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ወደ አባት ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ኢንቦክስ።»