እርማት፦ ዳገት የሚያስወጣው የፈረስ ጉልበት ብቻ አይደለም

«ጂፒ 40-2 እና ኤስዲ 40-2 የተባሉት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ሁለቱም 3,000 የፈረስ ጉልበት ስላላቸው በተራራ ላይ እኩል ይጎትታሉ» የሚለው አባባል፣ ብዙዎች የሚያምኑት ቢሆንም፣ ትክክል አይደለም። ባቡር በዝግታ ዳገት ሲወጣ የመጎተት አቅሙን የሚገድበው መንኮራኩሩ ሐዲዱን ሳይንሸራተት የሚይዝበት ኃይል ነው፤ ይህም የሚገኘው በመንኮራኩሮቹ ላይ ካረፈው ክብደት ነው። ጂፒው በአራት አክስል (ግራና ቀኝ መንኮራኩሮችን የሚያገናኝ ዘንግ) ላይ 120 ቶን ገደማ ሲመዝን፣ ኤስዲው በስድስት አክስል ላይ ከ160 ቶን በላይ ይመዝናል፤ እያንዳንዱን አክስል የሚያዞር የኤሌክትሪክ ሞተርም አለው። በምሥራቅ አሜሪካ በሚገኙት በአፓላቺያ ተራሮች፣ ቅጠል በሚረግፍበት በመጸው ወራት እርጥብ ቅጠል ሐዲዱ ላይ ሲለጠፍ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል፤ ነጂው ከመንኮራኩሩ ፊት አሸዋ ካላፈሰሰ፣ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢያጓራ መንኮራኩሩ ባለበት ይሽከረከራል።

ከባዱ ሎኮሞቲቭ ሐዲድ ይሰብራል የሚለውም በጥንቃቄ መነገር አለበት፣ ምክንያቱም ክብደቱ ለስድስት አክስል ስለሚከፋፈል በአንዱ አክስል ላይ የሚያርፈው ጭነት ከጂፒው አይበልጥም። እውነተኛው ችግር ያለው ጠባብ ኩርባ ላይ ነው፤ ሦስት አክስል የያዘው ረጅም ቦጊ (ከሎኮሞቲቩ ሥር አክስሎቹን አቅፎ የሚዞረው ክፍል) በቀላሉ ስለማይታጠፍ ሐዲዱን ወደ ጎን ይገፋል። አንዳንድ የተራራ አጫጭር መስመሮች ባለአራት አክስሉን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው።