ባሕር ዛፉ ይቈጠር ወይስ ይታለፍ?

የዚህ ክርክር መነሻ አንድ የመጽሐፍ ዳሰሳ ነው። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ላይ የተጻፈ አዲስ ልብ ወለድ አንብበው ዘጠኝ የታሪክ ስህተቶችን ነቀሱና «ገንዘባችሁን አታባክኑበት» ብለው ጻፉ። ያንኑ መጽሐፍ የወደደች አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መልስ ሰጠች። የመጽሐፉንም የደራሲውንም ስም ላለማንሳት ሁለቱም ተስማምተዋል።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ

ጋሼ፣ ዳሰሳዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መሆኑን፣ ስለዚህ በቴዎድሮስ ደብረ ታቦር የባሕር ዛፍ ጭስ ሊሸት እንደማይችል አስረድተዋል። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ጭስ ያለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ ከአራት መቶ ገጽ በላይ ነው። ለጭሱ አንድ ሙሉ አንቀጽ ሲሰጡ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተጎተተበትን ምዕራፍ በአንዲት ቃል እንኳ አላነሡትም።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ያ ምዕራፍ ነው። ጋፋት ላይ የተሠራው መድፍ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ድረስ መንገድ ላይ እንደነበር ከታሪክ መጻሕፍት አውቅ ነበር። ማወቄ ግን ምንም አላደረገኝም። ልብ ወለዱ ስለ አንድ ገመድ ጎታች ነገረኝ። ሰውየው ማታ ማታ መዳፉን እሳት ዳር ዘርግቶ፣ ከገመዱ የተሰነቀረበትን ስንጥር በእሾህ ያወጣል። ከዚያ እሾሁን አጠገቡ ላለው ጓደኛው ያቀብላል። አንድ ሌሊት ሊያቀብል ዘወር ሲል ጓደኛው ሞቷል። ደራሲው እዚህ ላይ አላስለቀሰም፣ አልሰበከም። ጎታቹ እሾሁን ኩታው ጫፍ ላይ ሰክቶ ይተኛል፤ ምዕራፉም አበቃ። መድፍ መጎተት በሰው ሥጋ ላይ ምን እንደሚያደርግ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ዳሰሳ የሚጻፈው ገና ላላነበበው ሰው አይደለም እንዴ? ያ ሰው ይህን ምዕራፍ ሳያገኘው ቢቀር ተጠያቂው የእርስዎ ዘጠኝ ስህተቶች ናቸው። ደግሞም የመጽሐፉን መጨረሻ ገልጠውታል። «የቴዎድሮስን አሟሟት ያላወቀ የለም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ንጉሡ መቅደላ ላይ እንደሚሞቱ ሁላችንም አውቀን ነው የምንገባው። የማናውቀው የገመድ ጎታቹን መጨረሻ ነበር፤ እሱንም ነገሩን።

የታሪክ መምህሩ

እኅቴ፣ መጨረሻውን በመግለጤ ጥፋተኛ ነኝ። የገመድ ጎታቹን ዕጣ መንገር አልነበረብኝም፤ አንባቢዎችን ይቅርታ እጠይቃለሁ። በሌላው ግን አልስማማም፤ ለምን እንደማልስማማም ከሥራዬ ልንገርሽ።

ታሪክ ሳስተምር በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ተማሪዎች ከልብ ወለድ የቀዱትን ንግግር «ንጉሡ እንዲህ አሉ» እያሉ ፈተና ላይ ይጽፉልኝ ነበር። አንዲት ጎበዝ ልጅ እቴጌ ተዋበች በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ለባላቸው ተናገሩ የምትለውን ኑዛዜ ገጽ ሙሉ ጻፈችልኝ። የሚያምር ኑዛዜ ነው። ከየት እንዳገኘችው ብጠይቃት «ከመጽሐፍ» አለችኝ። ለእሷ መጽሐፍ ሁሉ መጽሐፍ ነው። ቀይ ምልክት ላደርግበት እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ጥፋቱ የእሷ አልነበረምና። ያ ኑዛዜ ከደራሲው ልብ የወጣ መሆኑን የነገራት ሰው አልነበረም። እኔ ዳሰሳ የምጽፈው ያን ሰው ለመሆን ነው።

አንዱ ስህተት ሲታለፍ ሌላው ይከተላል። በላሊበላ ዘመን የተቀመጠ ልብ ወለድ ውስጥ እንግዳ በበርበሬ የቀላ ወጥ ሲቀርብለት አንብቤአለሁ። በርበሬ ከአሜሪካ የመጣ ተክል ነው፤ ላሊበላ ደግሞ ኮሎምበስ ባሕሩን ከማቋረጡ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የነገሠ ንጉሥ ነው። በሌላው ውስጥ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ገበያ ማርትሬዛ ብር ይቈጠራል። ብሩ ላይ ያለችው ንግሥት የነገሠችው ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እነዚህ ደራስያን ዘመኑን ስም ብቻ አልብሰውታል፤ ከሥሩ ያለው የእኛው ገበያና የእኛው ማዕድ ነው። አንባቢ ግን ወደ ሌላ ዘመን የሄደ ይመስለዋል።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ

የበርበሬውን ነገር ከእርስዎ ነው የተማርሁት፤ ስለዚያ አመሰግናለሁ። የማርትሬዛው ስህተትም ከባሕር ዛፉ ይብሳል፣ ገበያው የቆመው በብሩ ላይ ነውና። ይህ ግን የእኔን ነገር ያጠናክራል፤ ስህተት ሁሉ እኩል አይደለም። ታሪኩ የተደገፈበት ስህተትና እግረ መንገዱን የገባ ስህተት በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

ደግሞ በየትኛው ታሪክ ነው የምንመዝነው? የቴዎድሮስን ዜና መዋዕል ደብተራ ዘነብም ጽፈውታል፣ አለቃ ወልደ ማርያምም ጽፈውታል። የመጀመሪያው የወዳጅ ብዕር ነው፤ የሁለተኛው ፍርድ ይከብዳል። ከሁለቱ አንዱን ይዞ የተነሣ ደራሲ በሌላው ሲመዘን ሁልጊዜ ይጎድላል።

እኔ የምጠይቀው ደራሲው ምን ቃል ገባ ብዬ ነው። በመቅድሙ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ካለ፣ በቃሉ ይያዝ። ካላለ ግን ሥራውን እንደ ሥራው እንየው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ሮም ያሳተሙት፣ ስሙ ራሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ባለታሪኳ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ስትሰደድ ዘመኑ ስንት እንደሆነ አይነገረንም። በእርስዎ መስፈርት ምን ይጻፍለት?

የፋንታሲ መጻሕፍት ዳሰሳዎን አሁን የማነሣውም ለዚህ ነው። ባለፈው ስለ አንድ የዛር ልብ ወለድ በሁለት መስመር «ተረት ነው» ብለው አለፉት። ተረት መሆኑን ደራሲውም አልደበቀም! የእኔ ቅሬታ ሌላ ነበር። በመጀመሪያው ምዕራፍ ዛሩ ውሃ መሻገር እንደማይችል ተነገረን፤ ልጅቱ በታንኳ ወደ ደሴት የሸሸችው በዚህ ተማምና ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ ዛሩ ሐይቁን ተሻግሮ ደጇ ላይ ቆመ፤ እንዴት እንደተሻገረ ግን የተባለ ነገር የለም። ደራሲው ራሱ ያወጣውን ሕግ ራሱ ሲያፈርሰው፣ እኔ እስከዚያ ድረስ የፈራሁት ፍርሃት ሁሉ ከንቱ ሆነ። ለአንባቢ መነገር የነበረበት ይህ ነው።

የታሪክ መምህሩ

በዛሩ መጽሐፍ ላይ ያልሽው ትክክል ነው። ተረት ብዬ ያለፍሁት መጽሐፉን በሚገባው መንገድ ስላላነበብሁት ነው። ጦቢያንም አልነካም፤ የታወቀ ንጉሥ ስም አልጠራም፣ ዓመተ ምሕረትም አልጠቀሰም፤ ያልገባውን ቃል አላፈረሰም። ቴዎድሮስ ብሎ የጠራ ግን በመቅድሙ ባይምልም በስሙ ምሏል። የዘነብና የወልደ ማርያም ልዩነት በሰውየው ላይ በሚሰጡት ፍርድ ነው፤ ዘውዱ ደረስጌ ማርያም መጫኑን ወዳጅም ጠላትም አልካደውም።

ደረስጌን ሆን ብዬ ነው ያነሣሁት። ከዘጠኙ ስህተቶች ሁሉ ያንገበገበኝ እሱ ነው፤ በዝርዝሩ መካከል ስምንተኛ አድርጌ መቅበሬ አሁን ይቈጨኛል። ይህ ደራሲ ንግሡን ጎንደር አድርጎታል፤ የፋሲል ግንብ፣ ነጋሪት፣ የተሰለፈ ሕዝብ። ጎንደር ለዐይን እንደምታምር አውቃለሁ። እውነቱ ግን ይህ ነው፤ የካሣ፣ የኋላው ቴዎድሮስ፣ ተቀናቃኝ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ላይ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራሳቸው ሊነግሡበት ነበር። በየካቲት 1847 ካሣ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸውና በጥቂት ቀናት ውስጥ በዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ። ውቤ እስረኛ ናቸው። ለራሳቸው ባሠሩት መቅደስ ሌላ ሰው ነግሦ የሚዘመረውን ዝማሬ ያስቢው።

እኅቴ፣ ያን እሾህ ኩታ ጫፍ ላይ መሰካት የቻለ ደራሲ ከዚህ ምን ሊያወጣ ይችል ነበር? ታሪኩን ባለማወቁ ያጣው ራሱ ነው፤ እኛም አብረን አጣን። የታሪክ ስህተት የጥበብም ጉድለት የሚሆነው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ዳሰሳውን እንደገና እጽፈዋለሁ። ባሕር ዛፉን አወጣዋለሁ። «ገንዘባችሁን አታባክኑበት» የሚለውንም እሰርዛለሁ። ገመድ ጎታቹን አስገባለሁ። ደረስጌ ግን የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ትሆናለች፤ አንባቢ መጽሐፉን ከመክፈቱ በፊት እንዲያውቃት እፈልጋለሁ።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ

ስለ ደረስጌ የጻፉትን አንብቤ የንግሡን ምዕራፍ መልሼ ገለጥሁት። አሁን ባዶ ሆኖ ታየኝ። በዚህ አሸንፈውኛል።

ቅደም ተከተሉን ግን አልቀበልም። ደረስጌን አስቀድሜ አውቄ ቢሆን ኖሮ፣ ከንግሡ ምዕራፍ በኋላ መጽሐፉን አጥፌ እተወው ነበር፤ ገመድ ጎታቹ ጋር አልደርስም ነበር። አዲሱ ዳሰሳዎ ሲደርሰኝ አትሜ በቤተ መጻሕፍታችን ቅጂ ውስጥ አስገባዋለሁ። የማስገባው በመጨረሻው ሽፋን በኩል ነው።