60 አገር ዞሮ የማንም እንግዳ አለመሆን

አክስቴ ከአሜሪካ መጥታ ደሴ ቤታችን ቡና ላይ ተቀምጣ፣ ገና አቦሉ ሳይቀዳ፣ «በጥር መርከብ ልሳፈር ነው፤ ዓለምን ልዞር» አለች። ስንት ቀን ሲሏት አራት ወር። ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ ከሰሉን ማራገቧን ተወችው።

መጀመሪያ የተናገሩት ጎረቤታችን ናቸው። ሙስሊም ናቸው፣ ቡና ያለ እሳቸው አይጠጣም። «መርከቡ ሲዞር ቂብላው በየት በኩል ሊሆን ነው?» አሉ። እናቴ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የታያት። «ሰው ቢሞትስ? ዕድርተኛው እዚያ ድረስ ይዋኛል?» አክስቴ ሳቀች። መርከቡ ሐኪም አለው፣ የሬሳ ማቆያ ክፍልም አለው ብላ አስረዳች። እውነቷን ነው፣ ትልልቆቹ መርከቦች አላቸው። እናቴ ግን ይበልጥ ደነገጠች። «እሱንም ጨምረሽ ነው የከፈልሽ?»

እኔ በበኩሌ ነገሩን ቀደም ብዬ አውቀዋለሁ፤ ማን ያላየ አለ። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2023 «ሴሬናድ ኦፍ ዘ ሲስ» የተባለችው መርከብ ከማያሚ ተነስታ 274 ሌሊት የሚፈጅ ጉዞ ስትጀምር ቲክቶክ ላይ ለሳምንታት ሌላ ወሬ አልነበረም። ሰዎቹን ከነ ክፍላቸው፣ ከነ ቁርሳቸው፣ ከነ ኩርፊያቸው እንደ ተከታታይ ድራማ ስንከታተል ከረምን። ሰባቱም አህጉር፣ ከ60 በላይ አገር። ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። ላኮኒያ የምትባል የእንፋሎት መርከብ በፈረንጆቹ 1922 ከኒው ዮርክ ተነስታ 450 ያህል ሀብታም ይዛ ዓለምን ዞራለች፤ 130 ቀን ፈጅቶባታል። መቶ ዓመት አልፎም ነገሩ ያው ነው። አልጋህን ይዘህ ትዞራለህ።

ዋጋውን ልንገራችሁ። የዘጠኝ ወሯ ጉዞ መነሻ 60 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፣ ያውም መስኮት ለሌለው ክፍል። በእኛ ብር ከ8 ሚሊዮን በላይ። አክስቴ ግን የምትከራከርበት ነጥብ አላት። አሜሪካ አረጋውያን መጠበቂያ ቤት ውስጥ ለዓመታት ስለሠራች ሒሳቡን ታውቀዋለች። «እዚያ አንድ ሰው ለወር የሚከፍለው ከመርከቡ ይበልጣል፣ ምግቡ ደግሞ አይበላም» ትላለች። ብዙ ፈረንጅም እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ። አንድ ያልነገሯት ነገር ግን አለ፤ የሚለጠፈው ዋጋ ለሁለት ሰው ተካፍሎ ነው። ብቻውን ለሚተኛ ሰው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ባል የሞተባት ሴት ለባዶው ትራስም ትከፍላለች ማለት ነው። ይህን ስነግራት «አውቃለሁ ልጄ» አለችኝ፣ ወሬውም ተቋረጠ።

እኔን የከነከነኝ ግን ብሩ አይደለም። ሰው በገንዘቡ ምን አገባኝ። የጉዞውን ዝርዝር አሳየችኝ። ቀኑ፣ ወደቡ፣ የመድረሻው ሰዓት፣ የመነሻው ሰዓት። ጠዋት ሁለት ሰዓት መድረስ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት መነሳት። በማግስቱ ባህር። በማግስቱም ባህር። ፓስፊክ ላይ ሲሆን ሳምንት ሙሉ ውሃ ነው። ከዚያ ሌላ አገር፣ ደግሞ አሥር ሰዓት። አውቶቡስ ወደብ ላይ ይጠብቃል፣ ባንዲራ የያዘ አስጎብኚ ከፊት ይሄዳል፣ አንድ ገበያና አንድ ቤተ እምነት ታያለህ፣ ፎቶ ትነሳለህ፣ ለእራት መርከብህ ላይ ነህ። እራቱ ደግሞ ትናንት የበላኸው ቡፌ ነው።

አሥር ሰዓት እኮ ወሎ ውስጥ አንድ ዘመድ ጠይቀህ ለመመለስ አይበቃም። ሐይቅ ከተማ ደሴ አፍንጫ ሥር ናት፣ 30 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። ባለፈው ለአንድ ጉዳይ ሄጄ እግረ መንገዴን ዘመድ ቤት ጎራ አልኩ። ቡና ተቆላ። ጭሱን አሽትተህ ማመስገን አለብህ፣ ዝም ካልክ ነውር ነው። ተወቀጠ፣ ጀበናው ተጣደ፣ ገንፍሎ ከሰሉ ላይ ፈሰሰ፣ ቆሎ መጣ። አቦል ጠጥቼ ልነሳ ስል «ቶናውን ረግጠህ?» ተባልኩ። ቶናውን ስጠጣ «በረካ ሳይቀምስ የሄደ እንግዳ የቤቱን ሲሳይ ይዞ ይሄዳል» ተባለ። በዚህ መሐል የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ አያቴ በየትኛው ድርቅ ወደዚህ እንደመጣ፣ ለምን እስካሁን እንዳላገባሁ ሁሉም ተነሳ። ሲመሽ «በዚህ ጨለማ ወዴት?» ሆነ። አደርኩ። መርከቧ በዚህ ሰዓት ሁለተኛ አገሯ ላይ ትሆን ነበር።

እዚህ ላይ ነው እኔና አክስቴ የተለያየነው። ለእኔ መንገድ መውጣት ማለት የሰው እጅ ላይ መውደቅ ማለት ነው። የድሮ ሰው መሽቶበት ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል፤ ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» ይባላል። ከዚህ አገር በእግራቸው እስከ ባህሩ ወርደው ሐጅ ያደረጉ፣ ኢየሩሳሌም የደረሱ ሰዎች ነበሩ። እነሱም ወራት ነው የፈጀባቸው፣ አንዳንዱ ዓመት። ግን በየሌሊቱ አንድ ሰው በሩን ከፍቶላቸዋል። የመርከቡ መንገደኛ ግን ለማንም «አሳድሩኝ» ብሎ አያውቅም። ቤቱን ተሸክሞታላ፣ እንደ ኤሊ።

አጎቴን ላንሳ። የኮምቦልቻ ሰው ነው፣ በወጣትነቱ ኤንትሬ መኪና ላይ ረዳት ነበር፣ የአሰብ መስመር። ለወሎ ባህር ማለት አሰብ ነበረች፤ ከኮምቦልቻ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል። ሰኞ ከሆነ ባቲ ላይ ገበያው መንገዱን ይዘጋዋል፣ ግመሉና ፍየሉ እስኪያልፍ ይቆማል። ከዚያ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰርዶ፣ ማንዳ፣ ቡሬ። ቀን ቀን ሐሩሩ ጎማ ስለሚያፈነዳ የሚነዱት ሌሊት ነው። አጎቴ በሕይወቱ ያየው የውጭ ነገር ቢኖር አሰብ ወደብ ላይ የቆሙ መርከቦች ብቻ ናቸው፣ አንዱም ላይ አልወጣም። ግን ስለዚያ መንገድ አውራን ካላችሁት አትተኙም። ሰርዶ አጠገብ መኪናቸው ተበላሽቶ ሦስት ቀን ሲቆሙ ወተት ያመላለሱላቸውን አፋሮች እስከ ዛሬ በስም ይጠራቸዋል። የአንደኛው ልጅ ሲዳር ተጠርቶ ሄዷል። አንድ መንገድ ነው የሚያውቀው፣ እሱን ግን ቤት ለቤት ያውቀዋል። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመርና መስመሩ ሲዘጋ ሥራ ያጣ ብቻ አልመሰለውም፤ ግማሽ ዘመዱን የቀበረ ነው የመሰለው።

ብዙ አገር የረገጠ ሰው ደግሞ አውቃለሁ። አብሮ አደጌ ነው፣ ባቦጋያ የባህረኞች ማሠልጠኛ ተምሮ የውጭ ጭነት መርከብ ላይ የሞተር መኮንን ሆኗል። ለዕረፍት ሲመጣ ፒያሳ ላይ ከበን «ስንት አገር አየህ?» አልነው። «ክሬን ነው ያየሁት» አለ። ኮንቴይነሩ በሰዓታት ውስጥ ይራገፋል፣ እሱ ሞተር ክፍል ነው፣ መርከቧ ትነሳለች። ለነገሩ እሱ ደመወዝ ይከፈለዋል።

አሁን ደግሞ ማንሳት የማልወደው ነገር። የዘጠኝ ወሯ መርከብ መንገዷን ቀይራለች። በቀይ ባህር ላይ መርከቦች ሲመቱ ኩባንያው ተሳፋሪዎቼን ለአደጋ አልሰጥም ብሎ አፍሪካን በደቡብ በኩል አዞራት። ትክክል ነው፣ ሌላ ምን ያድርግ። ባብ ኤል መንደብን የመሰለ ጠባብ ቦታ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ውሃ፣ ለዘመናዊ መርከብ አስፈሪ ሆነ። በዚያው ወር ግን በዚያው ውሃ ላይ የእኛ ልጆች ነበሩ። ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከወልዲያ፣ ከዚህ ከደሴ የወጡ። በአፋር አድርገው ጅቡቲ ኦቦክ ይወርዳሉ፤ ሌሊት እንደ ከሰል ማዳበሪያ ጀልባ ላይ ተጭነው ወደ የመን፣ ከተረፉ ወደ ሳዑዲ። እነሱን ማን ያዙራቸው። እኛ ሰፈር የአንዱ እናት ስልኳን ከጡቷ ሥር አታወጣም፣ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቲክቶክ ላይ መርከቧ መስመር ቀየረች የሚለውን ዜና ያየሁ ቀን ስልኬን ዘግቼ ወጣሁ። በመርከቧ ሰዎች ተናድጄ አይደለም። ማንን እንደምቆጣ ግራ ገብቶኝ ነው።

እና ለእናንተ እንኳን፣ 8 ሚሊዮኑን አግኝታችሁ «እሄዳለሁ» ላላችሁ፣ ፓስፖርታችሁን አስቡት። ለየአገሩ ቪዛ ማሟላት የተሳፋሪው ጉዳይ ነው፤ ያላሟላ ከመነሻው አይሳፈርም። በእኛ ፓስፖርት ያለ ቪዛ ኬንያና ጥቂት ሌሎች አገሮች ይገባል፣ ሌላው ሁሉ ሰልፍ ነው። ለ40 ኤምባሲ የባንክ ስቴትመንት አስገብተህ፣ የመጨረሻው ቪዛ ሲመታልህ የመጀመሪያው ጊዜው አልፏል። አክስቴ የአሜሪካ ስላላት ነው እንዲህ ቀለል ያላት።

መርከቡ ራሱም የሚታመን ነገር አይደለም። በ2023 የሦስት ዓመት ጉዞ ተሸጦ፣ ሰዎች ቤታቸውን ሸጠውና አከራይተው ከተዘጋጁ በኋላ፣ የሚሳፈሩባት መርከብ ሳትገዛ ቀርታ ጉዞው ተሰረዘ። በቀጣዩ ዓመት ኦዲሲ የምትባለው ደግሞ ቤልፋስት ላይ ለጥገና ቆማ ተሳፋሪዎቿ ለአራት ወር ያህል እዚያው ከረሙ። ሳስበው ግን ከሁሉም ተጓዦች አገር ያዩት እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። አራት ወር አንድ ከተማ ውስጥ፣ ሻይ ቤቱ እስኪለምዳቸው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ አልኳት። ገንዘቡን ይዘሽ እዚሁ ሁኚ፣ ከደሴ ባቲ፣ ከባቲ አፋር፣ ከዚያ ላሊበላ፣ ሲሰላችሽ ዛንዚባር፣ በየቦታው ወር ወር ተቀመጪ፣ አራት ወር አይደለም ዓመት ይበቃሻል አልኳት። ሰማችኝና ቀሚሷን ገለብ አድርጋ ጉልበቷን አሳየችኝ። አብጧል፣ ሁለቴ ኦፕራሲዮን ሆኗል። «እስቲ በዚህ ሚኒባስ አሳፍረኝ» አለች። «ሠላሳ ዓመት የሰው እናትና አባት አንስቼ አስተኝቻለሁ። አሁን አንሶላዬን ሌላ ሰው ያንጥፍልኝ፣ እኔ መስኮት ላይ ተቀምጬ ውሃ ልይ።» ምን ትላለህ። መርከብ አሳንሰር አለው፣ ባህሩም ቁልቁለት የለውም። ዝም አልኩ። ስለ ጉዞው ያለኝን ሐሳብ ግን አልቀየርኩም፣ እሷም ታውቃለች።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት እናቴ ቡና ቆልታ ወቀጠችላት፣ በሦስት ፌስታል ደራርባ አሰረችላት። ጀበናና ከሰል መርከብ ላይ አይፈቀድም፣ ዕጣን ማጨስማ ጭራሽ፤ አንብቤ ነገርኳቸው። አክስቴ ግድ አልሰጣትም፣ የፈላ ውሃ ከቡፌው እቀዳለሁ አለች። ሻንጣዋን ስዘጋላት ልብሱ መሐል በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አየሁ። ስፈታው ስድስት ሲኒ።

«ብቻሽን አይደል የምትሄጂው? ለማን ነው?» አልኳት።

«ለጎረቤት» አለች። «በግራና በቀኝ ክፍል ሰው አይኖርም እንዴ?»