ሩር ለመጥረብ ስፖንሰር

እኔ በምኖርበት የካናዳ ከተማ ከርሊንግ የሚሉት ጨዋታ አለ። ሃያ ኪሎ የሚጠጋ የግራናይት ድንጋይ በበረዶ ሜዳ ላይ አንሸራትተው ከፊት ከፊቱ በመጥረጊያ እየጠረጉ ይሸኙታል። ብርዱ ለደብረ ብርሃን ልጅ ብርቅ አይደለም፤ ያንገበገበኝ አደረጃጀታቸው ነው። የክለባችን ሊቀ መንበርም ሆነ ጸሐፊ ደመወዝ የላቸውም፤ አባሉ መዋጮውን ይከፍላል፣ ተራው ሲደርስ ሜዳውን ያሰናዳል፣ በዓመታዊው ጉባኤ ሒሳብ ይጠይቃል። ክለቦቹ ተሰባስበው የየክፍለ ሀገሩን ማኅበር አቁመዋል፤ 14 ማኅበራት ደግሞ ከርሊንግ ካናዳ የተባለው ብሔራዊ አካል አባላት ናቸው። 10 ክፍለ ሀገራትና 3 ግዛቶች ባሏት አገር 14ኛው ከየት መጣ ቢባል፣ ሰሜን ኦንታሪዮ ከኦንታሪዮ ተለይቶ የራሱ ማኅበር አለው፤ በብሔራዊው ውድድርም የራሱን ቡድን ያሰልፋል። እኛ ዘንድ መንዝ ከቡልጋ ልለይ ቢል የሚነሣውን ክርክር፣ የሚቋቋመውን አጣሪ ኮሚቴና የኮሚቴውን አበል ለአንባቢ እተወዋለሁ።

የጨዋታው እናት ማኅበር በስኮትላንድ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1838፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን በሚገዙበት ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ራሱ በመረጣቸው አለቆች እያስጠበቀ፣ ለዓመታት እየዘጋና በጊዜው እየከፈተ ይጠቀም ነበር፤ ስለዚህ መደራጀት አናውቅም የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። የሠፈራችን ዕድርስ ቢሆን ድንኳኑንና ድስቱን ቆጥሮ የሚመዘግብ፣ ከቀብር የቀረውን የሚቀጣ አይደለምን?

የበለጠ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። በክለብ ጨዋታ ዳኛ የለም። የሚሄደውን ድንጋይ በእግሩ ወይም በመጥረጊያው የነካ ተጫዋች፣ ማንም ባያየው እንኳ፣ ራሱ «ነክቻለሁ» ይላል፤ በውጤቱ ላይ ሁለቱ ቡድኖች ተነጋግረው ይስማማሉ፤ በመጨረሻም አሸናፊው ለተሸናፊው መጠጥ ይጋብዛል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያልነው እኛ ነን፤ ሳይቆጡ የሚጫወቱት እነሱ ሆኑ። በስብሰባዎቻችንም ገንዘቡን የነካው ሰው «ነክቻለሁ» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው ገና ወደ አገር ቤት ደውዬ ጨዋታው እንዴት እንደዋለ አንድ የአክስቴን ልጅ ጠየቅሁት። ዘንድሮ እንዳልተካሄደ ነገረኝ፤ ምክንያቱን ስጠይቀው አስተባባሪ ኮሚቴው ስፖንሰር አላገኘም አለኝ። ዱላው ከጫካ ይቆረጣል፣ ሩሩ ከእንጨት ይጠረባል፣ ሜዳው የታጨደ ማሳ ነው። ስፖንሰሩ የሚሸፍነው ምኑን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ቲሸርቱን ነዋ!» ብሎ ተቆጣኝ።