ማይኩን ከፊቷ አንሡላት

ወገኖቼ፣ በክርስቶስ ስም የምንጠራ ሁሉ፣ የዛሬው ቃል ውጭ ላለ ሰው አይደለም። በዚህ ነገር የሚያሳድደን ባለሥልጣን፣ የሚያፌዝብን ጎረቤት የለበትም። የታመመችን እህት መድረክ ላይ አውጥተን መድኃኒቷን ያስጣልናት እኛ ነን፤ አጨብጭበንም አጽድቀነዋል።

አንዲት ወጣት ሴት ዘጠኝ ወር የተሸከመችው የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ተወለደ። ስም አውጥታለት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቷ ሰው አልጠፋበትም፤ በሦስተኛው ሳምንት የሚመጣው በጣት የሚቆጠር ሆነ፤ በሁለተኛው ወር እሷና ባሏ ብቻ ቀሩ። እንቅልፍ እምቢ አላት። እህል አልወርድ አላት። ገላዋን መታጠብ እንኳ አቃታት። በመጨረሻ ታናሽ እህቷ ይዛት ሐኪም ዘንድ ሄደች። ከባድ ድብርት መሆኑ ተነገራት፤ መድኃኒት ታዘዘላት፣ ከባለሙያ ጋር መነጋገርም ጀመረች። እንዲህ ያለ መድኃኒት ዛሬ ተውጦ ነገ አይሠራም፤ ለውጡ መታየት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፣ በደንብ እስኪሠራ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ታገሠች። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ሳትነቃ አደረች። ጥቂት ሰንብታም "እሑድ ጉባኤ ልሂድ" አለች። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ጉባኤው ለመምጣት አቅም የሰጣት በኋላ ከመድረክ የተወረወረው ያው ክኒን ነው።

በዚያ እሑድ ከመድረኩ "ልቧ የተሰበረ አንዲት እህት አለች፣ ጌታ እያሳየኝ ነው" ተባለ። ማሳየት አያስፈልግም ነበር። ጓደኛዋን ተማምና የነገረቻት ነገር "ለጸሎት ብቻ" ተብሎ ሳምንቱን ሙሉ በቴሌግራም ሲዞር ሰንብቷል፤ ስሟ፣ የሕፃኑ ነገር፣ የምትወስደው መድኃኒት ሳይቀር። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ተነሥታ ወጣች። ምን ታድርግ?

"ምን እየወሰድሽ ነው?" አላት አገልጋዩ፣ በማይክ። ቦርሳዋን ከፍታ እሽጉን አወጣች። ተቀብሏት ወደ ካሜራው ከፍ አደረገው፤ ግማሹ ሙሉ፣ ግማሹ ባዶ፣ ብልጭልጩ ወረቀት ፍሬ በወጣበት ቦታ ሁሉ ተቀዶ የተጠቀለለ። "ይህ የባርነት ሰንሰለት ነው!" አለ። "ተፈውሻለሁ በይ።" ዝም አለች። ማይኩን ከንፈሯ ድረስ አስጠጋው። "በእምነት በይው እንጂ!" መጀመሪያ የተሰማው ትንፋሿ ነው፤ ቀጥሎ "ተፈውሻለሁ" አለች፣ ማይኩ ባይኖር የፊተኛው ረድፍ እንኳ በማይሰማው ድምፅ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እሽጉ ከመድረኩ ተወረወረ። የዚያኑ ማታ ቪዲዮው "ከድብርት እስራት ተፈታች" በሚል ርዕስ ተለቀቀ።

በሦስተኛው ቀን ማዞርና ማቅለሽለሽ ያዛት። ጭንቅላቷ ውስጥ ኤሌክትሪክ የነካት ያህል ይነዝራት ጀመር፤ ሌሊቱን በቅዠት ትባንናለች። የድብርት መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በቀናት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚመጣ ማንኛውም የፋርማሲ ባለሙያ ያውቃል። እሷ የተነገራት ግን "ጠላት ሊመለስ እየታገለ ነው" የሚል ነው። ሳምንታት አለፉ፤ ድብርቱ ራሱ ከነጓዙ ተመለሰ። ስትደውል "ፈውስሽን ያዢ፣ በአፍሽ አትሻሪው" አሏት። አያችሁ ምን እንዳደረግን? ሕመሟን መናገር ኃጢአት ሆነባት። "አሞኛል" ካለች እምነት የላትም፤ ዝም ካለች ብቻዋን ናት። አንድ ሌሊት ራሷን ለማጥፋት ሞከረች። እህቷ ደርሳላት ተረፈች።

ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ከዚያ ሁሉ እልል ካለ ሕዝብ አንድ ሰው አልመጣም። ባሏ "እባካችሁ ቪዲዮውን አውርዱልን" ብሎ ለመነ። የተሰጠው መልስ "ብዙ ሰው እየተባረከበት ነው" የሚል ነበር።

ሌላውን ሁሉ ባለማወቅ ነው ብዬ ልለፈው እችል ይሆናል። ይህን መልስ ግን ይቅር ማለት አቅቶኛል። ሴትዮዋ አልጋ ላይ፣ ምስክርነቷ ስክሪን ላይ!

"አንተ በፈውስ አታምንም" የሚለኝ አይጠፋም። አምናለሁ። ስለማምን ነው የምቆጣው። ሉቃስ 17ን ክፈቱ። ጌታ ዐሥሩን ለምጻሞች ሲያነጻ ወደ መድረክ አላወጣቸውም፤ ሂዱና ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ ነው ያላቸው። ለምን? በዘሌዋውያን 14 ሕግ፣ ለምጻም የነበረ ሰው መንጻቱን መርምሮ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበርና። የመንጻቱም ሥርዓት የአንድ ሰዓት ሥራ አልነበረም፤ ሰውየው ወደ ሰፈር ከገባ በኋላ እንኳ 7 ቀን ከድንኳኑ ውጭ ይቀመጣል፣ መሥዋዕቱን የሚያቀርበው በ8ኛው ቀን ነው። የፈወሰው ራሱ ክርስቶስ ሆኖ ሳለ መርማሪውን አልናቀም። እኛ ከእሱ በልጠን ነው በመድረክ ላይ ምርመራውንም ውሳኔውንም በሁለት ደቂቃ የምንጨርሰው?

ተፈውሳለች ብላችሁ ካመናችሁ መንገዱ ቀላል ነው። ክኒኗን እየወሰደች ወደ ሐኪሟ ትመለስ። ሐኪሙ መርምሮ ደህና ከሆነች መጠኑን ደረጃ በደረጃ፣ በሳምንታት አንዳንዴም በወራት ይቀንሳል፤ እየቀነሰም ይከታተላል። የመጀመሪያዋ የድብርት ሕመም ከሆነ፣ ደህና ከሆነች በኋላ እንኳ ቢያንስ 6 ወር መድኃኒቱን እንድትቀጥል ይመከራል፤ ቀድሞ መተው ሕመሙን ይጠራዋልና። እውነተኛ ፈውስ ከዚህ ሁሉ ምርመራ ምን ይጎድልበታል? ምንም። ምርመራ የሚያስፈራው የውሸቱን ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በድንገት ቢጥል ከ5 ደቂቃ በላይ የማያቆም፣ ሊገድል የሚችል መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋው ልጅማ ቢያቋርጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ይህን ሳያውቅ ማይክ የሚይዝ ሰው፣ ማይኩን የሚያቀብለውም ሰው፣ ይፍራ።

አሁን ቁጣዬን ትቼ ስለምናዝንበት ነገር ልናገር።

የተሰበረ ሰው ፊት መቀመጥ ለምን አቃተን? እኔ እንደሚመስለኝ ፈርተን ነው። የእሷ እንባ ስብከታችንን ያሳፍርብናል፤ እሷ ቶሎ ካልዳነች የዘመርነው ሁሉ ምን ሊሆን ነው? ስለዚህ እንድትድን የምንቸኩለው ለእሷ ብለን አይደለም፤ ለራሳችን ነው። መጽሐፉ ግን እንደኛ አይፈራም። መዝሙር 88ን (በአንዳንዱ መጽሐፍ 87 ነው) እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ጸሎቱ ጨለማ ውስጥ እንዳለ ያበቃል፣ ማንም ሄዶ "በድል" አልቀጠለበትም። ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተነሣለትም፤ የአገልግሎት ባልደረባውን ጥሮፊሞስንም ታምሞ ሳለ በሚሊጢን ትቶት ሄደ። ስለ እምነቱ ጉድለት አንድ ቃል አልጻፈበትም። ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍም አትዘኑ አላላቸውም፤ ተስፋ እንደሌላቸው ሆናችሁ አትዘኑ ነው ያላቸው። ማዘን ተፈቅዷል ማለት ነው። ተስፋችን ትንሣኤ ከሆነ፣ ትንሣኤ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ሌላውን አያጣድፍም።

ኤልያስን አስታውሱ፣ 1 ነገሥት 19። ከአንድ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን ለመነ። ወደ እርሱ የመጣው መልአክ አልገሠጸውም፣ "አውጅ" አላለውም። በፍም የተጋገረ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ አቀረበለት። በላ፤ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ እንደሚበዛበት ነገረው። ከእግዚአብሔር ዘንድ ጥያቄ የመጣለት ከዚያ ወዲያ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ተራራው ከደረሰ በኋላ ነው። እኛ ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል፤ ጥያቄው ይቀድማል፣ ምግቡ ከነጭራሹ ይቀራል።

እንግዲህ ተስፋችሁን ልታካፍሉ ስትሄዱ፣ ከመግባታችሁ በፊት ደውሉና "ሰው ለማየት አቅም አለሽ?" በሏት። የለኝም ካለች አትቀየሙ፣ በሌላ ቀን ደውሉ። ከገባችሁም አትርዘሙ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የኢዮብ ወዳጆች መልካም ነገር የሠሩት 7 ቀንና 7 ሌሊት አብረውት ዝም ብለው በተቀመጡበት ጊዜ ነው፤ ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። "ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ" አትበሉ። "እግዚአብሔር ለበጎ ነው" አትበሉ፤ እውነት ቢሆን እንኳ ያንን መናገር የእሷ ድርሻ ነው፣ ያውም ጊዜው ሲደርስ። ሕፃኑን በስሙ ጥሩት። እናቱ ስሙ እንዲረሳ ነው የምትፈራው፤ "ሳስታውሳት ትታመማለች" ብላችሁ ዝም ያላችሁት ነገር ከአእምሮዋ ወጥቶ አያውቅም።

ለመጸለይ ፈቃድ ጠይቁ፤ ምን እንድትጸልዩላትም እሷው ትንገራችሁ። አጭር አድርጉት። በጸሎት ስም ምክር አታስተላልፉ፤ "ጌታ ሆይ፣ እህታችን እንድትበረታ እርዳት" እያላችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትገሥጿት። እጃችሁን ራሷ ላይ የምትጭኑትም ስትፈቅድ ብቻ ነው።

"የምትፈልጊው ነገር ካለ ደውዪልኝ" የሚባለውን ተዉት። ድብርት የያዘው ሰው የሚፈልገውን መምረጥም ስልክ ማንሣትም ይሳነዋል። "ሐሙስ ልብስ ላጥብልሽ እመጣለሁ፣ ሐኪም ጋ ደግሞ ማክሰኞ እኔ ላድርስሽ" በሏት። ቀኑንም መዝግቡ። የመጀመሪያው ሳምንት ሰው አያጣም፤ ጭር የሚለው ከሁለተኛው ወር በኋላ ነውና ሦስተኛውን ወር፣ ስድስተኛውን፣ ሕፃኑ የተወለደበትን ቀን ዓመት ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ ሙሉበት። ደጉ ሳምራዊ ቁስሉን በዘይትና በወይን ጠጅ አጥቦ፣ አስሮ፣ ሁለት ዲናር ከፍሎ ብቻ አልሄደም፤ ስመለስ የጎደለውን እከፍላለሁ ብሎ ነው የሄደው።

የነገረቻችሁን "ለጸሎት" ብላችሁ አታዙሩ። ለማን፣ ምን ያህል እንዲነገር እንደምትፈቅድ ጠይቋት፤ ካልፈቀደች ብቻችሁን ጸልዩ፣ እግዚአብሔር ስማቸው በቡድን ያልተለጠፈ ሰዎችንም ያውቃል። ምስጢር የሚሰበርበት አንድ ጊዜ አለ፤ ነፍስ ለአደጋ ስትጋለጥ። ንግግሯ ካሳሰባችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ "ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?" በሉ። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም፣ ብዙውን ጊዜ ሸክም ያቀልላታል። አዎ ካለች በምን፣ መቼ እንዳሰበች ጠይቁ። ዕቅድ ካላት ለደቂቃ ብቻዋን አትተዋት፤ ልትጎዳበት የምትችለውን ነገር ከቤቱ አውጡ፤ ለቤተሰቧ እንደምትናገሩ ፊት ለፊት ነግራችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። መንገድ ላይ ጸልዩ። ለመጸለይ ብላችሁ ግን መንገዱን አታዘግዩ።

ስለ ምስክርነት ያለኝን አቋም ብዙዎቻችሁ አትወዱትም። ሰውየው ራሱ ካልጠየቀ፣ ነገሩም ቢያንስ ዓመት ካልሞላው መድረክ ላይ አይውጣ፤ ካሜራም ይጥፋ። "አውርዱልኝ" ካለ በዚያው ሰዓት ይውረድ፣ ሚሊዮን ሰው ቢባረክበትም።

ይህን አንብባችሁ "እውነት ነው" ብላችሁ ለወዳጅ የምትልኩ፣ በሚመጣው እሑድም እልል የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከመድረኩ ብዙ አልጠብቅም፤ ደክሞኛል። ተስፋ የማደርገው ከመካከለኛው ረድፍ ነው። እዚያ ከተቀመጣችሁት ሁለት ሦስታችሁ ጉባኤው ሲበተን በር ላይ ጠብቃችሁ "እህቴ፣ መድኃኒትሽን አታቋርጪ፣ ነገ ሐኪም ጋ አብሬሽ እሄዳለሁ" ብትሏት፣ ማንም ሹመት አይጠይቃችሁም። ካቋረጠች ቀናት አልፈው ከሆነ በፊት የምትወስደውን ያህል በራሷ እንዳትጀምር፤ አንዳንዱ መድኃኒት እንደገና የሚጀመረው ከዝቅተኛ መጠን ነው። ባዶም ቢሆን እሽጉን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ስሙንና መጠኑን ከዚያ ላይ ያነባል።